ገንዘቡ ከየት ገባ፣ ወዴት ወጣ? ለቲያትር ተማሪ የተሰጠ የሙያ ምክር

ጥያቄ፦ የቲያትር ጥበባት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን በነበረው የእንግሊዝ ቲያትርና የሕዝብ መዝናኛ ላይ ለመሥራት አስቤአለሁ። አባቴ ግን «ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተዘጋ ቤት አጥንተሽ ማን ይቀጥርሻል?» ይሉኛል፤ መልስ አጣሁላቸው። ርእሱን ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። አባትሽ የጠየቁሽ ግን ደግ ጥያቄ ነው፤ የጽሑፍሽ ማዕከል ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ። የዚያ ዘመን የሎንዶን ተዋናዮችም ጠዋት ሲነሡ የሚያስጨንቃቸው ይኸው ነበር፤ ዛሬ ማን ይከፍለናል?

በዚህ ርእስ የሚጽፍ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ሼክስፒር ግጥም ይሄዳል። ግጥሙ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ስለ እርሱ የተጻፈው ተቆጥሮ ስለማያልቅ አንቺ በአንድ ዓመት ሥራ የምትጨምሪበት ጥቂት ነው። የምመክርሽ ቲያትሩን እንደ መሥሪያ ቤት እንድታጠኚው ነው። ማን ገንዘብ አወጣ፣ ማን ተቀጠረ፣ ትርፉ እንዴት ተከፈለ፣ ማን ከሰረ? እኔ ዘንድ ለምክር የሚመጡ የቲያትር ምሩቃን ብዙዎቹ ትወናና ድርሰት ይዘው ይመጣሉ፤ የአንድን ዝግጅት በጀት አውጥቶ፣ ውል አንብቦ፣ የቲኬት ገቢ አስልቶ የሚያሳየኝ ግን እምብዛም አይገኝም። የእንጀራሽ በር ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከሕጉ ጀምሪ (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ1572 የወጣው አዋጅ የመኳንንት ከለላ የሌለውን ተዘዋዋሪ ተዋናይ ከወሮበላ ቆጥሮ ይቀጣ ነበር። ስለዚህ የተዋናይ ጓዶቹ (ቡድኖቹ) በመኳንንቱ በሌስተር፣ በባሕር ኃይል አዛዡ በአድሚራሉ ወይም በቤተ መንግሥቱ ሹም በሎርድ ቻምበርሊን ስም ተጠለሉ፤ መኳንንቱ ስማቸውን ሰጡ እንጂ ደመወዝ አልከፈሏቸውም። እንጀራቸው ከተመልካቹ ኪስ መምጣት ነበረበት። በ1576 በሙያው አናጢ የነበረው ተዋናይ ጄምስ በርቤጅ ከከተማዋ ቅጥር ውጭ፣ በሾርዲች፣ «ዘ ቲያትር» የተባለውን ቤት አቆመ። ከወጪው ብዙውን የቻለው የሚስቱ ወንድም፣ ነጋዴው ጆን ብሬን ነበር። በሁለቱ መካከል የነበረው ስምምነት ጥርት ያለ ስላልነበረ ጠብ ተነሣ፤ ብሬን ከሞተ በኋላም መበለቱ ማርጋሬት «ድርሻዬን ስጡኝ» ብላ በፍርድ ቤት ተሟገተች። አንቺ ሴት ስለሆንሽ ይህን ታሪክ በተለይ እንድታዪው እፈልጋለሁ። በዚያ መድረክ ላይ ሴት አትወጣም ነበር፤ የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ሴቶቹን በመግቢያው በር ገንዘብ ሲሰበስቡና እንደ ማርጋሬት ስለ ድርሻቸው ሲከራከሩ ታገኚያቸዋለሽ። ይህ ብቻውን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ስለ ሕዝብ መዝናኛ ስትጽፊ ደግሞ ቲያትሩን ከጎረቤቶቹ አትነጥዪው። ከቴምዝ ወንዝ ማዶ፣ በባንክሳይድ፣ የቲያትር ቤቶቹ ጎረቤት ድብ በግንድ ላይ ታስሮ በውሾች የሚነከስበት ሜዳ ነበር። ጭካኔው ዛሬ ያንገፈግፋል፤ ያኔ ግን ንግሥቲቱም ሠራተኛውም የሚወዱት ትርዒት ነበር። በጥር 1583 በአንድ እሑድ የድብ ሜዳው መቀመጫ ተደርምሶ 8 ሰዎች ሞቱ፤ ሰባክያኑም ሰንበትን ስለሻራችሁ የመጣ ቁጣ ነው አሉ። ጸሐፌ ተውኔቱ ተመልካች የሚሻማው ከዚህ ሁሉ ጋር ነበር። በ1599 ሎንዶንን የጎበኘው ስዊዘርላንዳዊው ቶማስ ፕላተር እንደጻፈው አንድ ፔኒ የከፈለ ቆሞ ያያል፤ ሌላ ፔኒ የጨመረ ተቀምጦ፣ ሦስተኛ የጨመረ ደግሞ ትራስ ባለው በተሻለ ቦታ ያያል። ትርዒቱ የሚጀመረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ስለነበር መብራት አያስፈልግም፤ ሠራተኛው ግን ሥራውን ጥሎ መምጣት አለበት። ይህን ሰው ከሥራው የሚያስነሣ ተውኔት መጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቢው።

አሁን ልቤ ያለበት ቦታ ደረስኩ። «ሮዝ» የተባለውን ቲያትር ቤት በ1587 ያሠራው ፊሊፕ ሄንስሎው ከ1592 ጀምሮ የያዘው የሒሳብ መዝገብ እስከ ዛሬ አለ። የዕለት ገቢ፣ ለደራስያን የተከፈለ፣ ለልብስ የወጣ፣ ለተዋናዮች በብድር የተሰጠ ሁሉ ተጽፎበታል። እያንዳንዱን ተውኔት መርምሮ ለሚፈቅደው የቤተ መንግሥቱ ሹም የሚከፈለው 7 ሽልንግ ሳይቀር ሰፍሮበታል። በሮዝ ይጫወት የነበረው የአድሚራሉ ጓድ በ1594 እና በ1595 መካከል በአንድ የትርዒት ዘመን 38 ተውኔቶችን እንዳሳየና 21ዱ አዲስ እንደነበሩ የምናውቀው ከዚህ መዝገብ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በየቀኑ የተለየ ተውኔት! ተዋናዩም ሙሉውን ድርሰት አይሰጠውም፤ የራሱን ንግግርና ተራው መድረሱን የሚያሳውቁትን ጥቂት ቃላት ብቻ በጥቅል ወረቀት ይቀበላል። በ1603 ቶማስ ሄይውድ ለአንድ ተውኔቱ የተከፈለው 6 ፓውንድ ነበር፤ ለዚያው ተውኔት ለተሠራ አንድ ጥቁር የቬልቬት ቀሚስ የወጣው ግን 6 ፓውንድ ከ13 ሽልንግ ነው። አንድ የሎንዶን የእጅ ባለሙያ በቀን 12 ፔኒ (አንድ ሽልንግ፤ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ነበር) ገደማ ያገኝ ስለነበር የደራሲው ክፍያ የ120 የሥራ ቀን ደመወዝ ያህላል፤ ቀሚሱ ከዚያም ይበልጣል። ይህን ሳነብ ስለ ደራሲው እቆጫለሁ፤ ነገር ግን አዘጋጁ ለምን እንደዚያ እንደወሰነም ይገባኛል፤ ቀሚሱ ለሌላም ተውኔት ያገለግላል፣ ሲቸግርም በመያዣ ይሰጣል።

ሼክስፒርም ቢሆን የበለጸገው ድርሰት ሸጦ አይመስለኝም። ከ1594 ጀምሮ የሎርድ ቻምበርሊን ጓድ ባለድርሻ ነበር፤ በ1597 በትውልድ ከተማው ትልቅ ቤት ገዛ። በ1598 መጨረሻ ከመሬቱ ባለቤት ጋር የተጣሉት የበርቤጅ ልጆች የ«ዘ ቲያትር»ን እንጨት ነቅለው ወንዝ አሻግረው በ1599 ግሎብ የተባለውን ቲያትር ቤት ሲሠሩ፣ ግማሹን እነርሱ ይዘው ሌላውን ግማሽ ለአምስት የጓዱ አባላት አካፈሉ፤ ከአምስቱ አንዱ እርሱ ነው። ከመድረኩ ድርሻ ያለው፣ ከሕንፃው ድርሻ ያለው፣ በሳምንት ደመወዝ የሚቀጠረው፣ ከጌታው ጋር የሚኖረው ልጅ ተዋናይ፦ አራቱን ለይተሽ አስቀምጪያቸው። አንቺም ስትመረቂ ከየትኛው ረድፍ እንደምትጀምሪና ወደየትኛው መድረስ እንደምትፈልጊ ራስሽን ትጠይቂያለሽ።

ክፉ ቀንም አትርሺ። ከ1592 እስከ 1594 የቸነፈር ወረርሽኝ የሎንዶንን ቲያትር ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ዘግቶ ነበር። የፔምብሮክ ጓድ ወደ ገጠር ወጥቶ ወጪውን መሸፈን ስላቃተው በ1593 ተመልሶ አልባሳቱን በመያዣ ለማስያዝ ተገደደ። ሼክስፒር በዚያው ዓመት ለንባብ የሚሆን ረጅም ግጥም አሳተመ። መድረክ ሲዘጋ የምትይዢው ሁለተኛ ሥራ እንዲኖርሽ የምወተውተው ለዚህ ነው፤ ማስተማር፣ የሬዲዮ ድራማ መጻፍ፣ ወይም ለዝግጅቶች ሒሳብ መያዝ።

ወደ ተግባሩ ልምጣ። የሄንስሎው ሰነዶች ተጠብቀው የሚገኙት በሎንዶን ዳልዊች ኮሌጅ ሲሆን ምስላቸው በኢንተርኔት በነጻ ይታያል፤ ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነሽ ዋናውን ምንጭ መመርመር ትችያለሽ። እጅ ጽሑፉን ማንበብ ከባድ ስለሆነ የታተመውን ቅጂ ጎን ለጎን ያዢ። ከዚህ ጋር አንድ የሒሳብ አያያዝ አጭር ኮርስ ውሰጂ፤ በክረምት ደግሞ በአንድ ቲያትር ቤት፣ በትወናው ክፍል ሳይሆን በአስተዳደሩ ወይም በአልባሳት ክፍል፣ ልምምድ ጠይቂ። የአንድ ዝግጅት በጀት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሠራሽበት ወረቀት በእጅሽ ይኑር።

በዚህ ታሪክ ብቻ ተመራማሪ ሆነሽ ለመኖር ካሰብሽ መንገዱ ጠባብ መሆኑን አልሸሽግሽም። ቦታው ጥቂት ነው፤ በእንግሊዝ አገር እንኳ ፉክክሩ ብርቱ ነው። ልብሽ ወደዚያ ካደላ በስትራትፎርድ የሚገኘው የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሼክስፒር ተቋም አንዱ መድረሻ ነው። ቼቭኒንግ የተባለው የብሪታኒያ መንግሥት ስኮላርሺፕም ኢትዮጵያውያንን ይቀበላል፤ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ ግን አስቀድመሽ መሥራት ይኖርብሻል።

ለአባትሽ ደግሞ ቤቱ እንዳልተዘጋ ንገሪያቸው። የሮዝ መሠረት በ1989 ተቆፍሮ ተገኝቷል፤ በአሜሪካዊው ተዋናይ ሳም ዋናሜከር ጥረት ዳግም የተሠራው ግሎብም በ1997 ተከፍቶ እስከ ዛሬ አናጢ፣ ልብስ ሰፊ፣ አስተማሪና ተዋናይ ያሠራል። በአገራችንም ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትንና ኦቴሎን ወደ አማርኛ መልሶ ለመድረክ አብቅቷል፤ ምናልባት አባትሽ በወጣትነታቸው አይተውት ይሆናል፤ ጠይቂያቸው።

የጽሑፍሽን ርእስ ለአማካሪ መምህርሽ ስታቀርቢ «የኤልሳቤጥ ዘመን ቲያትር» ብለሽ እንዳትሰጪ፤ ሰፊ ስለሆነ ይመልሱብሻል። የሮዝን ቲያትር ቤት አንድ የትርዒት ዘመን ገቢና ወጪ ብቻ ምረጪ።