ለቆየችው ዲ40 የትኛው ሌንስ?

ጥያቄ፦ ኒኮን ዲ40 አለኝ። አብሮት በመጣው 18–55 ዙም ቤት ውስጥ ሳነሳ ፎቶው ይደበዝዝብኛል። ያገለገለ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ጂ እና ከሱ የሚረክስ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ዲ አግኝቻለሁ። ለ6 ሜጋፒክስል ካሜራ ሌንስ መግዛት ያዋጣል? የቱን ልውሰድ?

መልስ፦ ያዋጣል፤ 35ቱን ይውሰዱ። 50ው “ዲ” በውስጡ የፎከስ ሞተር የለውም፣ የሚያዞረው የካሜራው ሞተር ነው፤ ዲ40 ደግሞ ያ ሞተር የለውም። ስለዚህ ቀለበቱን በእጅዎ እያዞሩ በመመልከቻው ግርጌ አረንጓዴዋ ነጥብ እስክትበራ መጠበቅ ሊኖርብዎ ነው። ለተቀመጠ ዕቃ ይሆናል፤ ለሚሯሯጥ ሕፃን ግን አይሞከርም። በዚያ ላይ የዲ40 ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ከፊልም ካሜራ ፍሬም ትንሽ ስለሆነ 50ው በፊልም ካሜራ ላይ እንዳለ 75 ሚሊ ሜትር እይታውን ያጠብባል፤ በትንሽ ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ ሲሉ ግድግዳ ያግድዎታል። 35ቱ እንደ 52 ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ ለእንዲህ ዓይነት ካሜራዎች ታስቦ ስለሆነ ሞተሩ በውስጡ ነው፤ የዙምዎ 52 ሚሊ ሜትር ፊልተርም ይገጥመዋል።

ሜጋፒክስሉ አያሳስብዎ፤ የቆየ ካሜራ የሚቸገረው በብርሃን ነው። የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ዙምዎ ግን 55 ላይ ከኤፍ 5.6 የበለጠ አይከፈትም። ኤፍ 1.8 ወደ አሥር እጥፍ ብርሃን ያስገባል፦ በ1/10 ሰከንድ ይነሣ የነበረው በ1/100 ይነሣል፣ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) 1600 አድርሰው ፎቶውን አሸዋ የተነፋበት ማስመሰል አይኖርብዎም።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ኤፍ 1.8 ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ጠርዝ ሐምራዊና አረንጓዴ ይከታል፣ ማዕዘኖቹም ይጨልማሉ፤ ኤፍ 2.8 ላይ ይቀንሳል፣ ከኤፍ 4 እስከ 5.6 ያምራል። በ1 ሜትር ርቀት ላይ ኤፍ 1.8 ጥርት አድርጎ የሚይዘው ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አፍንጫ ላይ ፎከስ ካደረጉ ጆሮው ይጠፋል። በጠራራ ፀሐይም ካሜራው ከአይ ኤስ ኦ 200 በታች አይወርድም፣ ከ1/4000 በላይም አይፈጥንም፤ ኤፍ 4 ላይ ካላደረጉት ፎቶው ይነጣል።

ከመክፈልዎ በፊት ከሌንሱ ኋላ ያለችውን ትንሽ ማንሻ በጣትዎ ገፍተው ይልቀቁ። ቀዳዳውን የሚያጠቡት ቅጠሎች ቷ ብለው መዝጋት አለባቸው፤ ከተንቀራፈፉ ዘይት ነክቷቸዋል። ማንሻዋን ይዘው በባትሪ መብራት ሲያዩ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፣ ይተዉት።

ዋናው ፍተሻ የፎከሱ ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ያድርጉ። በ1 ሜትር ርቀት አንድ ካርቶን ፊቱን ወደ ካሜራው አዙረው ያቁሙ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ 45 ዲግሪ አጋድመው መካከለኛው ቁጥር ከካርቶኑ ፊት ጋር እኩል እንዲሆን ያድርጉ። ማስመሪያው ራሱ ላይ ፎከስ አያድርጉ፤ የፎከስ ነጥቡ ከሚታየው ካሬ ስለሚሰፋ የትኛውን ቁጥር እንደያዘ አይታወቅም። በመሃለኛው ነጥብ፣ በኤፍ 1.8፣ በየመሃሉ ፎከሱን እያበላሹ 5 ጊዜ ያንሱ። ውጤቱ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ከዋለለ መብራት ጨምረው ይድገሙት። አምስቱም ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ ግን ሌንሱና ካሜራው አልተስማሙም። ዲ40 ይህን የሚያርም ሜኑ ስለሌለው፣ ያኔ ሌላ 35 ይፈልጉ።