ካርታው ሻጩ እጅ ነው፤ ፋይሉስ?

የአንባቢያን ጥያቄና የሕግ መልስ

ጥያቄ፦ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቤት ለመግዛት በዋጋ ተስማምቻለሁ። ካርታው በሟች አባት ስም ነው። የሚሸጥልኝ ታላቅ ልጃቸው ነው፤ ሳውዲ ያሉት ሁለት እህቶቹ ውክልና ሰጥተውታል። እናትየው በሕይወት አሉ። ደላላው «ዛሬ ቀብድ ካልጣልክ ነገ ሌላ ይገባበታል» እያለ ያጣድፈኛል። ምን ላጣራ?

መልስ፦ ቀብዱን ያቆዩት። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ከውሉ ቢወጣ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢወጣ እጥፉን ይመልሳል (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885)። ሆኖም ገንዘቡን ለቤተሰብ ካከፋፈለ ሰው ላይ እጥፉን ማስመለስ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ሻጩ የሚያሳይዎት ካርታ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። በአንቀጽ 1195 መሠረት ካርታ የሚሰጠው የባለቤትነት ግምት ብቻ ነው፤ ከሕግ ውጭ የተሰጠ መሆኑ ከተረጋገጠ ግምቱ ይፈርሳል። ስለዚህ ሻጩን ይዘው ፋይሉ ወዳለበት የከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። አብሮ ለመሄድ ዛሬ ነገ የሚል ከሆነ ነገሩን እዚያው ያቁሙት። ፋይሉ ውስጥ ስሙን፣ የካሬ ሜትሩን ስፋት፣ አዋሳኞቹን፣ ይዞታው ነባር ይሁን የሊዝ፣ ሊዝ ከሆነም ያልተከፈለ ቀሪ መኖሩን ይዩ። ግቢ ውስጥ የቆመው ቤት በፕላኑ ላይ መኖሩንም ያመሳክሩ፤ ያለ ፈቃድ የተቀጠለ ሰርቪስ ቤት ዋጋ ተከፍሎበት ኋላ አፍርሱ ሊባል ይችላል። «ዋናው ካርታ በ2014ቱ ጦርነት ጠፋ» ከተባሉ በፎቶ ኮፒ አይስማሙ፤ ሻጩ መጀመሪያ ምትክ ካርታ ያውጣ።

ቀጥሎ የእዳና እገዳ ማጣሪያ ነው። በባንክ መያዣ የተመዘገበ ቤት ቢሸጥም መያዣው ከቤቱ ጋር ይሄዳል፤ ባንኩ ያልተከፈለውን ብድር የሚፈልገው እርስዎ ከገዙት ቤት ነው። የፍርድ ቤት እግድም እንዲሁ። ማጣሪያው የሚናገረው የተጻፈበትን ቀን ሁኔታ ብቻ ስለሆነ፣ ከሁለት ወር በፊት የወጣ ደብዳቤ በመካከል የገባን እግድ አያሳይም። ውሉ ሊፈረም ሲቃረብ እንደገና ያውጡ። ደብዳቤውም በደላላ እጅ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይሂድ።

የእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚከብደው በወራሾቹ በኩል ነው። ከመደበኛ ፍርድ ቤት ወይም ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የወጣውን የወራሽነት ማስረጃ ያንብቡ። ስንት ልጆች ተዘርዝረዋል? ከሌላ እናት የተወለደ ልጅ አለ? ማስረጃው ላይ ያልተጠቀሰ ልጅ ነገ ክስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አካለ መጠን ያላደረሰ ወራሽ ካለ ድርሻው ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይሸጥም። እናትየውን ደግሞ እንደ አንድ ወራሽ ብቻ አይቁጠሯቸው፤ ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእሳቸው ነው፤ ያለ ፊርማቸው አይግዙ። «እናቴ ተስማምታለች» የሚለው የልጁ ቃል ፊርማ አይሆንም።

ውክልናውን ቃል በቃል ያንብቡ። ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥልጣን እንጂ የማይንቀሳቀስ ንብረት የመሸጥ ሥልጣን አይሰጥም፤ በአንቀጽ 2205 መሠረት «ቤቱን እንዲሸጥ» የሚል ልዩ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የተሰጠ ከሆነ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጡን ይዩ። ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል፤ ሊሻርም ይችላል። እህቶቹን በቪዲዮ ደውሎ ማነጋገር ዋጋው የአንድ ጥሪ ነው። የሚሻለው ግን ስመ ንብረቱ መጀመሪያ ወደ ወራሾቹና ወደ እናትየው ተዛውሮ ከዚያ ቢሸጥልዎት ነው፤ ቢያዘገይም ይህን እንመርጣለን።

ቦታውን በቀያሽ ያስለኩ፤ አጥሩና ካርታው ላይ ያለው ስፋት የሚለያዩበት ግቢ ብዙ ነው። ደሴ ተዳፋት ላይ ያለች፣ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ናት። ደጋፊ ግንቡ የማን እንደሆነና መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን በክረምት ይዩት። ፕላኑ ላይ መንገድ በግቢው የሚያልፍ መሆኑንም ይጠይቁ።

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሰነድ አረጋጋጭ ወይም በፍርድ ቤት ፊት ይደረግ (አንቀጽ 1723)። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህንኑ አጽንቷል፤ በሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ የመንደር ውል ሲካድ አያድንም። ክፍያውን በባንክ ወይም በሲፒኦ (ባንክ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ያድርጉ፤ ከፊሉን ስም ዝውውሩ እስኪያልቅ ይያዙ፤ ይህንንም ውሉ ላይ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ዳር 200 ካሬ ሜትር ቦታ ከአርሶ አደር በርካሽ አገኘሁ። አረንጓዴ ደብተር አለው፤ ሦስት ምስክርም ይፈርማል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም (ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40)። ደብተሩ የእርሻ ይዞታ ማረጋገጫ ነው እንጂ የከተማ ካርታ አይደለም። አንድ ክፍል አቁሞ «ቤት ሸጥኩ» ማለት፣ ወይም ሽያጩን «ብድር» ብሎ መጻፍ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ነገሩን ግን አይለውጠውም። ከተማው ሲሰፋ ካሳው ስሙ ደብተሩ ላይ ላለው አርሶ አደር ይከፈላል፤ የእርስዎ ቤት ጨረቃ ቤት ተብሎ ይፈርሳል። ገንዘቡን ከፍለው ከሆነ የፈረሰ ውል ሁለቱን ወገኖች ወደ ነበሩበት ስለሚመልስ ማስመለስ ይችላሉ፤ የከፈሉበትን ማስረጃ ብቻ አይጣሉ።

ጥያቄ፦ ለቴምብር እንዳይበዛብን በ4 ሚሊዮን ብር የገዛነውን 1.5 ሚሊዮን ብለን ብንጽፍስ?

መልስ፦ በአዋጅ 110/1990 የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ስለሆነ የሚያተርፉት 50,000 ብር ነው፤ ያውም መሥሪያ ቤቱ በራሱ ግምት ካላስከፈለዎት። ውሉ ቢፈርስ ግን ወረቀቱ የሚመሰክርልዎት ለ1.5 ሚሊዮኑ ብቻ ነው፤ የቀረውን 2.5 ሚሊዮን ብር ሻጩ «አልተቀበልኩም» ካለ በምስክር ማስረዳት አቀበት ነው። እርስዎም ነገ ሲሸጡ የካፒታል ጥቅም ግብሩ (በሽያጩ ትርፍ ላይ የሚከፈለው) ከዚያችው ዝቅተኛ ዋጋ ተነሥቶ ይሰላል።