«ሆትስፖት» ቀበሌ ወይስ ወባ የጸናበት ቀበሌ?

ጥያቄ፦ በቃሉ ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ወባ የበዛባቸውን ቀበሌዎች ሪፖርት ላይ «ሆትስፖት» እያልን እንጽፋለን። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት «እኛ ዘንድ ኔትወርክም የለ፣ የምን ሆትስፖት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ትኩስ ቦታ» ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። እኚያ እናት ቃሉን የሰሙት ኢንተርኔት ለመካፈል «ሆትስፖት ክፈትልኝ» ከሚባባሉ ልጆች ነው፤ ታዲያ ሌላ ምን ይረዱ? «ትኩስ»ም አያወጣንም። ትኩስ እንጀራ፣ ትኩስ ወተት፣ ትኩስ ወሬ ነው የምንል። «የሞቀ»ም ያው ነው፤ የባቲ ሰኞ ገበያ ሞቀ ሲባል ሰዉም ግመሉም ሞላ ማለት እንጂ ችግር ገባ ማለት አይደለም።

አማርኛ ይህን ሐሳብ የሚይዘው በግሱ ጫፍ ነው። «-በት» ሁለት ሥራ አለው። ቦታ ያመለክታል፤ «የተወለደበት»፣ «የሚውልበት»። ጉዳትም ይናገራል፤ «ላሟ ሞተችበት»፣ «እህሉ አውድማ ላይ ሳለ ዘነበበት»። ደግ ነገር ሲሆን ግን «ዘነበለት» ነው። እንግዲህ «ወባ የጸናበት ቀበሌ» ሲሉ፣ የት እንደሆነም፣ ቀበሌው እንደተጎዳም ባንድ ቃል ነገሩ። ይህን የመሰለ መሣሪያ እያለን መበደራችን ያሳዝነኛል።

«ወባማ» የሚል ቃልም አለ፤ እንደ «ተራራማ»፣ እንደ «ቆላማ» የተሠራ። እሱ ግን የመሬቱን ጠባይ ይነግራል። ወባማ ቀበሌ ዘንድሮ አንድም ሰው ላይታመምበት ይችላል።

ሌላም ልብ ይበሉ። «ሆትስፖት» የሆነውንና የሚፈራውን ይደባልቃል። ግጭት ያገረሸበት አካባቢ ሌላ፣ ግጭት የሚያሰጋው አካባቢ ሌላ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ የሐረጎን ጠመዝማዛ «የሚያሰጋ መንገድ» ማለት ይበቃል፤ «አደጋ የሚበዛበት» ለማለት ግን ቆጥሮ ማወቅ ያስፈልጋል።

«ሆትስፖት» በእርዳታ ዕቅድ ላይ ወረዳዎች እንደ ችግሩ ክብደት 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ እየተባሉ የሚመደቡበት የሙያ ስም ስለሆነ፣ ሠንጠረዥ ውስጥ እንዳለ ቢቆይ አልከራከርም። ሕዝብ ፊት ግን አይሁን። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ክፉ ቀን ያየ አገር ነው፤ እዚህ ማስጠንቀቂያ ወዲያው ሊገባ ይገባል።

እህቴ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ «በቀበሌያችን ወባ ጸንቷል፤ ዛሬ ማታ ሁላችሁም አጎበር ውስጥ ተኙ» ይበሉ።