ጥያቄና መልስ፦ የጃዝ ሙዚቀኛ ሕይወት በመቶ ገጽ ይነገራል?

ርእሳችን አጭር የሕይወት ታሪክ ነው፤ ምሳሌያችን የአልቶ ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አስቀድሜ ላሳስብ፦ ሸክላውን ሳትሰሙ ስለ ሙዚቀኛው አታንብቡ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ያን የመሰለ ሕይወት በመቶ ገጽ እንዴት ይነገራል? ወፍራሙን መጽሐፍ ባነብ አይሻለኝም?

መልስ፦ ይነገራል፤ እንዲያውም ለፓርከር የሚስማማው አጭሩ ነው። በእርሱ ዘመን የሸክላ አንድ ፊት የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር። ኖቬምበር 26 ቀን 1945 «ኮ ኮ»ን ሲቀዳ የተሰጠው ልክ ይኸው ነው። መነሻው «ቼሮኪ» የተባለው የታወቀ ዘፈን ሲሆን ፓርከር ኮርዶቹን፣ ማለትም ዜማውን ከሥር የሚያጅቡትን የድምፅ ጥምረቶች፣ ይዞ ዜማውን ተወው። በተቋረጠው የመጀመሪያ ሙከራ የ«ቼሮኪ»ን ዜማ መጫወት ሲጀምሩና ሲቆሙ ይሰማል። በዋናው ቅጂ ግን መግቢያው እንዳለቀ በቀጥታ ወደ ሶሎው፣ ማለትም ብቻውን ወደሚጫወተው ክፍል፣ ይዘልቃል። ጥሩ አጭር የሕይወት ታሪክም የሚተወውን ያውቃል። ወፍራሙ መጽሐፍ የተወራውን ሁሉ ለመያዝ ቦታ ስላለው፣ የቱ እንደሚበልጥ ሳይወስን ሊያልቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ የትኛው የሕይወት ታሪክ ጥሩ ነው?

መልስ፦ የማን? ለምን ፈለግኸው? ለይተህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ፓርከር ይወስደው የነበረው ሄሮይን ለጨዋታው ረድቶታል የሚሉ አሉ።

መልስ፦ አልረዳውም። በ1955 ሲሞት 34 ዓመቱ ነበር፤ አስከሬኑን ያየው ሐኪም ዕድሜውን ከ50 በላይ ገምቶታል። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ጥያቄ፦ ያነበብሁት መጽሐፍ የሚከፈተው፣ ከበሮ መቺው ጆ ጆንስ በ1936 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ሲምባል እግሩ ሥር ወርውሮ ልጁን ፓርከርን ከመድረክ ባስወረደበት ሌሊት ነው። ጥሩ መነሻ አይደለም?

መልስ፦ ታሪኩን አልጠላውም። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እጅግ ይበልጣል። ፓርከር በ1954 ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከፖል ዴዝመንድ ጋር ባደረገው የሬዲዮ ቃለ ምልልስ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመታት በቀን ከ11 እስከ 15 ሰዓት ይለማመድ እንደነበር ተናግሯል። በ1937 ወደ ኦዛርክ ተራሮች ለሥራ ሲሄድ የሳክስፎን ተጫዋቹን የሌስተር ያንግን ሶሎዎች ከሸክላ እየሰማ አጥንቷል። ለሲምባሉ ሁለት ገጽ፣ ለልምምዱ አንድ መስመር የሚሰጥ ጸሐፊ የጻፈው ተዋርዶ የተነሣ ጀግና ታሪክ ነው። እንዲህ ያለው ታሪክ ለቦክሰኛም ይሆናል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ያ ልጅ በእነዚያ ሰዓታት ምን ይሰማ፣ ምን ይደጋግም እንደነበር ነው።

አንድ አባል፦ ቢቦፕ የተባለውን አዲስ የጃዝ ስልት ፓርከር ብቻውን ፈጠረው እንዴ? ዲዚ ጊሌስፒ የት ገባ?

ሌላ አባል፦ ፓርከር ባይኖር ጊሌስፒ ፈጣን መለከት ነፊ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

የመጀመሪያው አባል፦ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ኮርዶቹን ለሌሎቹ ያሳይ የነበረው ማን ሆነና! ቴሎኒየስ መንክንስ ልትረሳው ነው?

መልስ፦ በቃ! በ«ኮ ኮ» መግቢያ ላይ መለከቱን የሚነፋው ጊሌስፒ ራሱ ነው። ሸክላውን ስሙ ያልሁት ለዚህ ነበር። ክርክራችሁ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። በኦገስት 1942 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ከሸክላ ኩባንያዎች ጋር በክፍያ ተጣልቶ አባላቱን ሸክላ እንዳያስቀርጹ አገደ። ሁለቱ ትልልቅ ኩባንያዎች፣ ቪክተርና ኮሎምቢያ፣ የተስማሙት በኖቬምበር 1944 ነው። ቢቦፕ የበሰለው በዚህ መካከል ስለሆነ ለገበያ የቀረበ ማስረጃው ጥቂት ነው። ይህን ዝምታ የሚዘል መጽሐፍ ሙዚቃው በ1945 ድንገት ከሰማይ የወረደ ያስመስለዋል። ለማስረዳት አንድ አንቀጽ ይበቃል፤ ስለዚህ ማጠር ሰበብ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሙዚቀኛው ስለ ራሱ የተናገረው አይበልጥም?

መልስ፦ መለከት ነፊው ሉዊ አርምስትሮንግ የተወለድሁት ጁላይ 4 ቀን 1900 ነው ይል ነበር። የጥምቀት መዝገቡ ኦገስት 4 ቀን 1901 ይላል። ሰውየውን ስሙት፤ መዝገቡንም ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የሚሆን ጥሩ የሕይወት ታሪክ ቢጠቁሙን?

መልስ፦ ይህ ከላይ ተጠይቋል! የመጽሐፉን መጨረሻ ግለጥ። የቅጂዎች ዝርዝር አለው? ቀኑንና አብረው የተጫወቱትን ይናገራል? ካልተናገረ ወደ መደርደሪያው መልሰው።

ጥያቄ፦ ለፓርከር «ወፍ» የሚል ቅጽል ስም ለምን ወጣለት?

መልስ፦ ተረቱ ብዙ ነው። እለፈው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኖታ ማንበብ አልችልም። ስለ ኮርድ የሚተነትን መጽሐፍ ለእኔ ምን ይረባኛል?

መልስ፦ ይህን በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ጸሐፊው ጎበዝ ከሆነ ጆሮሽን ይመራዋል። ዛሬውኑ ሞክሪው፦ የባንድ መሪው ቻርሊ ባርኔት በ1939 የቀዳውን «ቼሮኪ» ዜማው እስኪያዝሽ ድረስ ስሚ። ከዚያ «ኮ ኮ»ን ክፈቺ፤ መግቢያው አልቆ ፓርከር ሶሎውን ሲጀምር አንቺ የ«ቼሮኪ»ን ዜማ በላዩ አንጎራጉሪ። ፍጥነቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ግን ይገጥማል።