የቀድሞ አዛዥን በአደባባይ መተቸት፦ ጥያቄና መልስ

የቀድሞው (የደርግ ዘመን) ጦር አባላት ስለ ጄኔራሎቻቸውና ስለ ኮሎኔሎቻቸው በግልጽ መጻፍ ይገባቸዋል ወይ? ከገባቸውስ እንዴት? የመጡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥ፦ ወታደር የአለቃውን ገመና አደባባይ ማውጣት ነውር አይደለም እንዴ?

ገመና ከሆነ ነውር ነው። ትዳሩ፣ ሕመሙ፣ ቤቱ ገመና ነው። የሰጠው ትእዛዝ ግን ሰው የሞተበት የመንግሥት ሥራ ስለሆነ ገመና አይባልም። ከላይ የነበረ ሰው ሽንፈትን «ወታደሩ መዋጋት አልፈለገም» ብሎ መዝጋት ይቀለዋል። የታችኛው በይሉኝታ ዝም ካለ ልጆቻችን የሚያነቡት ያንን ብቻ ነው። ስለዚህ መተቸት ይገባል ባይ ነኝ፤ ግን ተቺው ከነበረበት ቦታ የሚታየውን ብቻ ይናገር።

ጥ፦ ኤርትራ ግንባር የነበረው ናደው እዝ የሚባለው ጦር አፋቤት ከተማ ላይ የተደመሰሰው በጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ድክመት ነው ይባላል። እውነት ነው ጋሼ?

መጀመሪያ ቀኑን እይ። የናደው አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ በራሳቸው መንግሥት ትእዛዝ የተረሸኑት የካቲት 1980 ነው። አፋቤት የወደቀችው ደግሞ መጋቢት ላይ ነው፤ ውጊያው የተጀመረው መጋቢት 8 ነበር። በሞቱ ጊዜ አፋቤት ገና በጦሩ እጅ ነበረች። በፊት በነበረው አመራራቸው ላይ ጥያቄ ማንሳት ይቻላል፤ የመጋቢቱን ውጊያ ግን በእሳቸው ላይ መጫን አይቻልም። ይህ ስሕተት በየጨዋታው ይሰማል፣ በጽሑፍም አይቀርም።

ቀጥሎ «ሽንፈት» የሚለውን ቃል በታትነው። ከፊት ግንባር ወደ አፋቤት የሚያፈገፍገው የታንክና የተሽከርካሪ ሰልፍ አድሽሩም ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ገባ። ፊት ያለው ተመትቶ ሲቆም የኋላው መዞሪያ አጣ። መሣሪያው በሻዕቢያ እጅ እንዳይገባ ተብሎ የራሳችን አየር ኃይል ሰልፉን ደበደበው። እዚህ ውስጥ ቢያንስ አራት ውሳኔ አለ፦ ውጡ ያለው ማነው? ያንን መንገድ ማን መረጠ? መተላለፊያውን ከላይ የሚያየው ገዢ መሬት ለምን ቀድሞ አልተያዘም? የአየር ድብደባውንስ ማን ፈቀደ? አራቱም በአንድ ሰው ደረጃ የሚወሰኑ አይደሉም። የመጨረሻውን ለምሳሌ የእዝ አዛዥ ብቻውን አይወስነውም፤ አየር ኃይሉ በእሱ ሥር አይደለምና። «ጄኔራሎቹ አስፈጁን» ብሎ የሚጽፍ ሰው አራቱን በአንድ ከረጢት ከትቶ ነው፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለታሪክ አይጠቅምም፣ ለማስተባበል ግን ቀላል ነው።

ጥ፦ ሦስትዮሽ አመራር ስለሚባለው ያስረዱን። አዛዦቹ ሁልጊዜ በእሱ ያሳብባሉ።

ሰበብ የሚያደርጉት አሉ፣ ነገሩ ግን እውነት ነበር። ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳር (የፓርቲው ሰው) እና የወታደራዊ ደኅንነት ሰው ይቀመጣሉ፤ ሦስቱም በየራሳቸው መስመር ወደ ላይ ሪፖርት ያደርጋሉ። አዛዡ «ይህን ምሽግ ለቅቄ የኋላውን ገዢ መሬት ልያዝ» ሲል ኮሚሳሩ በራሱ መስመር «ወኔው ከድቶታል» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። የታሪኩ መረሸን ከተሰማ በኋላ ደግሞ መጥፎ ዜና ወደ ላይ ማቅረብ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። ስለዚህ ትእዛዙ ሲተላለፍ የሰማ ሰው ከማን አፍ እንደወጣ ይጻፍ፦ ከአዛዡ? ከኮሚሳሩ? ወይስ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው ተብሎ? ይህቺ አንዲት መስመር ከአሥር ገጽ ምሬት ትበልጣለች።

ጥ፦ የሻምበል አዛዥ ነበርኩ። ልጽፍ ተነሥቻለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ሻምበል፣ በሦስት ደብተር ይጀምሩ። አንዱ በዓይንዎ ያዩት፣ ሁለተኛው በሬዲዮ ወይም ከሰው የሰሙት፣ ሦስተኛው በኋላ ያነበቡት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሦስቱ በአእምሮ ይቀላቀላሉ፤ ሰው ያነበበውን ያየው ይመስለዋል።

ክፍሉን ሙሉ በሙሉ ይጥቀሱ፦ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ብርጌድ፣ ክፍለ ጦር። «የእኛ ጦር» ማለት ለአንባቢ ምንም አይነግረውም።

ቀን ላይ ይጠንቀቁ። የውጭ መጽሐፍ ማርች 1988 ካለ በእኛ 1980 ነው፤ ኖቬምበር 1988 ካለ ግን 1981 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ይቀንሳሉ። ሁለት ሰው ስለ አንድ ውጊያ በአንድ ዓመት ተለያይቶ ሲጨቃጨቅ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሰዓትም እንዲሁ፦ የሬዲዮው ሰዓትና የእኛ ሰዓት ስለሚለያይ «ከንጋቱ 11» ብለው ይጻፉ እንጂ «5 ሰዓት» ብቻ አይበሉ።

ቁጥር ከራስዎ ሻምበል አይለፍ። የነበረው ቁመና (የሰው ብዛት) ስንት፣ ሙት ስንት፣ ቁስለኛ ስንት፣ ምርኮኛና የጠፋ ስንት ብለው ለየብቻ ያስቀምጡ። «ይህን ያህል ሰው አጣን» ካሉ አንባቢ ሁሉንም ሞቱ ብሎ ይወስዳል።

ጥ፦ በሕግ ያስጠይቃል?

ሊያስጠይቅ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2044 በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ ንግግርና ጽሑፍ ጥፋት ነው ይላል። 2046 ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ አስተያየት የሰጠን ይጠብቃል። 2047 ያልከው እውነት መሆኑን ካስረዳህ ያድንሃል፣ ለመጉዳት ብቻ አስበህ ካላደረግከው በቀር። በወንጀል ሕጉም ስም ማጥፋት አንቀጽ 613 ላይ አለ።

ልዩነቱ በተግባር ይህን ይመስላል፦ «አዛዡ ደጀን ሳያዘጋጅ ማጥቃት አዘዘ፣ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው» አስተያየት ነው። «አዛዡ ለጠላት ሰልሎ ነበር» ግን ክስ ነው፤ ማስረጃው ከሌለህ ተወው። ወታደራዊ ምስጢር ደግሞ ጡረታ ስለወጣህ አይፈታም፤ በተለይ ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ነገር ሲሆን።

ጥ፦ የግንቦት 8ቱ ጄኔራሎች ሞተዋል። ሙት ወቃሽ አያድርገን እንጂ ስሕተታቸው አይነገርም?

ይነገር እንጂ። የ1981ዱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተጀመረው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከበረረ በኋላ ነበር፤ መሪዎቹ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰብስበው ሳለ ግቢው ተከበበ። ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ እዚያው ሞቱ፣ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አስመራ ተገደሉ፣ ግንቦት 1982 አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። «ለምን ስብሰባ ላይ ተቀመጡ? ለምን ከተማዋን አልያዙም?» ብሎ መጠየቅ የወታደር ጥያቄ ነው። «ፈርተው ነው»፣ «ሥልጣን አምሯቸው ነው» ማለት ግን ልብ ማንበብ ነው። የሞተ ሰው ስለ ልቡ መልስ መስጠት አይችልም፤ ድርጊቱን ጻፍ፣ ምክንያቱን በጥያቄ ተወው።

ጥ፦ በአሜሪካ ጦር አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እዚህስ?

ደመወዝ የሚከፈልህ የመደበኛ ጦር ጡረተኛ ከሆንክ የወታደራዊ ፍትሕ ሕጉ ዛሬም ይመለከትሃል። አንቀጽ 88 የሚከለክለው ግን መኮንኖች ፕሬዚዳንቱን፣ ኮንግረሱን፣ የመከላከያ ሚኒስትሩንና መሰል ሲቪል ባለሥልጣናትን በንቀት ቃል እንዳይናገሩ ነው፤ ጄኔራሎች ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። የሚያስይዝህ ምስጢር ነው። አንድ የባሕር ኃይል ኮማንዶ መጽሐፉን ሳያስመረምር አሳትሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ6.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመንግሥት ለመክፈል ተስማምቷል።

ጥ፦ የምተቸው አዛዥ በሕይወት አለ። ልደውልለት?

ደውል። ስለ እሱ የጻፍከውን አንቀጽ ብቻ ላክለት፣ ሁለት ሳምንት ስጠው፣ መልሱን ሳትቆርጥ ከሥር አትመው። መልስ ካልሰጠም ያንኑ ጻፍ። ብዙዎቹ ከተሳደቡ በኋላ ካርታ አውጥተው ማስረዳት ይጀምራሉ፤ ያ ካርታ ደግሞ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ጥ፦ ስሙን ሳልጠራ «አንድ አዛዥ» ብዬ ብጽፍስ?

«በመጋቢት 1980 የእገሌ ክፍለ ጦር አዛዥ» ካልክ ስሙን ጠርተሃል፤ ክፍለ ጦሩ አንድ አዛዥ ነው ያለው፣ ዳኛም ይህን ያውቃል። ክፍሉንና ቀኑን አጥፍተህ «አንድ አዛዥ» ካልክ ደግሞ በዚያ ግንባር የነበረውን አዛዥ ሁሉ ጠረጠርክ። ማስረጃ ካለህ ስሙን ጻፍ። ከሌለህ ስለ ትእዛዙ ብቻ ጻፍ፦ ምን እንደተባለ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሬዲዮ።