በቅናሽ የተገዛ ሊትየም ባትሪ ፎቶ ኮፒው ሲነሳ ለምን ድርግም ይላል?

አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት አንባቢ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች። "መርካቶ 'ግሬድ ቢ ነው፣ ግን ያው ነው' ተብዬ አራት ባለ 280 አምፔር-ሰዓት ሊትየም ሴል በቅናሽ ገዛሁ። አንድ ባለሙያ ገጣጥሞ ከኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ከሚቀይረው ዕቃ) ጋር አገናኘልኝ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩና አምፖሉ ደህና ይሠራሉ። ፎቶ ኮፒውን ሳስነሳ ግን ጥቂት ገጽ እንዳወጣ ኢንቨርተሩ ይጮህና ድርግም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይመለሳል። ባትሪው 13.1 ቮልት ያሳያል። ለየብቻ ስለካቸው ሦስቱ ሴሎች 3.29፣ አንዱ 3.20 ናቸው። ባለሙያው ልዩነቷ ምንም አይደለችም ብሎ ቢኤምኤሱን (ሴሎቹን እየተከታተለ አደጋ ሲያይ ባትሪውን የሚዘጋውን ሰሌዳ) ቀየረው፤ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ቢኤምኤሱን እንዝለለው ይለኛል።"

እህቴ፣ አይዘለልም። ቢኤምኤሱ ሥራውን እየሠራ ነው። አንዱ ሴል ሲወድቅ አይቶ ነው የሚያጠፋው፣ ጥፋተኛው እሱ አይደለም። ኢንቨርተሩም አይመስለኝም። እኔ የምጠረጥረው ያንን 3.20 ያለውን ሴል ነው። ቀጥሎ ደግሞ የሱን ዳዶ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ይሄ ነገር ሁሉንም ሰው ስለሚያሳስት ትንሽ ላርዝመው። ድሮ የለመድነው የመኪና ባትሪ ሲያልቅ ቮልቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ስለዚህ ቴስተር ሰክተሽ ስንት እንደቀረው መገመት ትችያለሽ። አንቺ የገዛሽው ሊትየም አይረን ፎስፌት ግን እንዲህ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና እንደሚወስደው መንገድ ነው፤ ሜዳ፣ ሜዳ፣ ሜዳ፣ ከዚያ ጣርማ በር ላይ ድንገት ገደል። ሴሉ ሲሞላ 3.65 ቮልት ይደርሳል። ቻርጀሩ ከተነቀለ በኋላ ወደ 3.3 አካባቢ ይወርድና አብዛኛውን ዕድሜውን እዚያው ይቆያል። ግማሽ ሲሆንም 3.29 አካባቢ ነው። ወደ 3.20 ሲጠጋ ግን ጫፉ ላይ ቆሟል ማለት ነው፣ ከሩብ በታች ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ ሸክም ስትጭኚበት ወደ 2.5 ይሮጣል፣ ቢኤምኤሱም እዚያ ላይ ይዘጋዋል። ሸክሙ ሲነሳ ሴሉ ትንሽ ያገግማል፣ ቢኤምኤሱ ይከፍታል፣ አንቺም "ራሱ ተመለሰ" ትያለሽ። ስለዚህ በመኪና ባትሪ ዓይን 0.09 ቮልት ቀላል ነው፤ እዚህ ግን ግማሽ በሞላና ባዶ ሊሆን በተቃረበ ሴል መካከል ያለ ልዩነት ነው። 13.1 የሚለው ቁጥርም የአራቱ ድምር እንጂ ስለ ደካማው ምንም አይነግርሽም። አራቱ በተከታታይ ስለተያያዙ ደግሞ አንዱ ካለቀ ሁሉም አለቀ።

አሁን እንለካው። ከዚያ በፊት ግን ቀለበትሽን፣ አምባርሽንና ሰዓትሽን አውልቂ። የዳዶ መፍቻ ቁልፉንም ከአፉ በቀር በናስትሮ ጠቅልይው። 12 ቮልት ሰው አይጨብጥም ብለሽ አትናቂው፤ የዚህ መጠን ሴል አጭር ዙር (ሾርት) ሲፈጠርበት ከሺህ አምፔር በላይ ያወርዳል፣ ቀለበት ጣት ላይ ቀልጦ ይቀራል።

አንድ ሰው ፎቶ ኮፒውን ያስነሳልሽ። ማሽኑ ሲሞቅ ከባትሪው ከ100 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። በዚያ ሰዓት ቴስተሩን በየሴሉ ላይ አድርጊ። ሦስቱ 3.1 አካባቢ ቆመው ያኛው ከ2.8 በታች ከወረደ ተገኘ። ከዚያ አንዱን የቴስተር ጫፍ በሴሉ ብሎን ላይ፣ ሌላውን በማገናኛው መዳብ ላይ አድርጊ። ከ0.03 ቮልት በላይ ካሳየ ዳዶው ላልቷል ወይም ገጹ ዝጓል። ፍቺው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ አጽጂውና መልሰሽ እሰሪው። ግን እንደ ጎማ ብሎን አታጥብቂው፣ አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ይበላል። ያ ባለሙያ እዚያ ላይ በስታኞ በይዶ ከሆነ ደግሞ ሴሉ በሙቀት ተጎድቷል ብለሽ ጠርጥሪ። እንዲህ የተበየዱ ሴሎች ሲመጡልኝ ያናድደኛል፤ ዳዶ እኮ የተሠራው ለዚህ ነው!

ማገናኛዎቹንም በማግኔት ሞክሪያቸው። ማግኔት ከያዛቸው መዳብ የተቀባ ብረት ናቸው፣ ጣያቸው። ገመዱን በቢላ ፋቂው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ለዚህ ሸክም ቢያንስ 25 ካሬ ሚሊሜትር እውነተኛ መዳብ ያስፈልጋል፣ 35 ቢሆን ይሻላል። ገበያው በዚህ ዓይነት ጉድ ተሞልቷል።

ሴሉ ራሱ ከሆነ ወዲያው አትጣይው፤ ምናልባት ሲገጣጠም ከሌሎቹ እኩል ሳይሞላ ገብቶ ይሆናል። ቢኤምኤሱ ያስተካክለዋል እንዳትይ፤ ብዙዎቹ የሚያስተካክሉት ከ0.1 አምፔር ባልበለጠ ጉልበት ነው፣ እንዲህ ባለ ሴል ላይ ዘመን ይፈጃል። ባትሪውን በቢኤምኤሱ በኩል እስከሚሄድበት ሙይው። ከዚያ አራቱን ሴሎች ፈታተሽ አወንታዊውን ከአወንታዊ፣ አሉታዊውን ከአሉታዊ ጎን ለጎን አገናኚና ቮልቱ በሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ 3.65 ቮልት ላይ ቻርጅ አድርጊያቸው። ቮልቱን ገመዱን ሳታገናኚ በፊት አስተካክይ። አምፔሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሞልተዋል። ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ ሱቅ ዘግተሽ ጥለሽው ግን አትሂጂ። ስትፈቺም ስትገጥሚም ቀለበት የለም፣ ቁልፉም በናስትሮ እንደተጠቀለለ ነው። ሆዱ ያበጠ ሴል ካየሽ ይህን ሁሉ ተይው፣ አውጪው።

መልሰሽ ከገጠምሽ በኋላ 300 ዋት የሚስብ ነገር አሠሪበትና ሰዓት ያዢ። እውነት 280 ከሆኑ ወደ 10 ሰዓት መሥራት አለባቸው። 7 ሰዓት ብቻ ሠርቶ ካቆመና ያው ሴል ቀድሞ ከወደቀ፣ ደካማ ነው፣ ይቀየር።

ሁለተኛ ደረጃ ዕቃ መግዛትሽን አልነቅፍም፤ እኔም እገዛለሁ። ፋብሪካው የመለሰው አቅሙ ትንሽ ስላነሰ፣ መጋዘን ስለከረመ ወይም የውስጥ ሬዚስታንሱ (ውስጡ ኤሌክትሪክን የሚያግድበት መጠን) ከፍ ስላለ ሊሆን ይችላል፣ ለአምፖልና ለኮምፒውተር ይበቃል። ችግሩ ከአራት የተለያየ ክምር አንድ አንድ አንስቶ እንደ አንድ ቤተሰብ መሸጥ ነው። ተተኪ ስትገዢ ቴስተር ይዘሽ ሂጂ። የተፋቀ ባር ኮድ፣ ጫፉ ላይ የብየዳ ጠባሳ፣ አዲስ ፕላስቲክ የለበሰ አሮጌ አካል ካየሽ ዋጋው ሌላ ነው። ከሦስቱ ሴሎችሽ ጋር አንድ ዓይነት አቅም የተጻፈበትን ምረጪ። ሻጩ አላስለካም ካለ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ።

ቻርጀሩን ደግሞ 14.2 ቮልት ላይ አድርጊው። ለእርሳስ ባትሪ የተሠራ ከሆነ "ኢኳላይዝ" የሚለውን አጥፊ፤ እሱ ከ15 ቮልት በላይ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ባትሪ ምጣድ እንዳታስቢ፤ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ሴሉን ከለካሽ በኋላ ቁጥሮቹን ላኪልኝ፣ ሸክም ላይ ሆኖ የተለካውን እንጂ ዝም ብሎ ቆሞ ያለውን አይደለም።