የናንጂንግን ግንብ አጥኑ፦ ለወጣት ግንበኞችና መሐንዲሶች

ውድ ልጆቼ፣

ሙያችሁ ግንባታ ከሆነ፣ ወይም ወደ ቅርስ ጥገና ለመግባት ካሰባችሁ፣ በቻይና የሚገኘውን የናንጂንግ ከተማ ግንብ ጊዜ ሰጥታችሁ አጥኑ። ታላቁን የቻይና ግንብ ሁሉም ያውቀዋል። ለባለሙያ ግን ከናንጂንግ የበለጠ የሚያስተምር አጥር አላውቅም፤ ሥራውን ማን እንደሠራው ጡቡ ራሱ ይናገራልና።

ዡ ዩዋንዣንግ ገና ዙፋን ላይ ሳይወጣ ዡ ሼንግ የተባለ ምሁር ግንቡን ከፍ እንዲያደርግ፣ እህል እንዲያከማች፣ ለንግሥናም እንዳይቸኩል መክሮት ነበር። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1366 ተጀመረ። ዡ ዩዋንዣንግ በ1368 የሚንግን ሥርወ መንግሥት መሥርቶ ናንጂንግን ዋና ከተማው ቢያደርጋትም ሥራው ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ሲጠናቀቅ ዙሪያው 35 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሮቹም 13 ነበሩ። ዛሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህሉ ቆሞ ይገኛል።

ካርታውን ስትመለከቱ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን አትጠብቁ። ግንቡ ኮረብታውንና ውኃውን ተከትሎ ይጠማዘዛል። በምዕራብ በኩል «የድንጋይ ከተማ» በሚባለው ስፍራ ጡቡ የተቀመጠው በቀይ የተፈጥሮ ዓለት ላይ ነው። ረግረጋማ በሆነው ቦታ ደግሞ የእንጨት ምሰሶና ግንድ ተነጥፎ መሠረቱ በዚያ ላይ ቆሟል። ያኔም መጀመሪያ የተጠየቀው አፈሩ ነው። እናንተም የአፈር ምርመራ ውጤት ሳይደርሳችሁ የመሠረት ስፋት አትወስኑ።

አሁን ወደ ጡቡ ልምጣ። አንዱ ጡብ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ስፋቱ 20፣ ውፍረቱ 10 ገደማ ነው። ዛሬ ጂያንግሱ፣ አንሁይ፣ ጂያንግሺ፣ ሁቤይና ሁናን በሚባሉት ግዛቶች ከመቶ በላይ ወረዳዎች ጡብ እያቃጠሉ እንዲልኩ ታዘዙ፤ አብዛኛው በወንዝ በጀልባ ተጓጓዘ። የብዙዎቹን ጡቦች ጎን ብታዩ ጭቃው እርጥብ ሳለ የታተመ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የተቆጣጠረው ሹም፣ የወረዳው ባለሥልጣንና ጸሐፊው፣ የመንደሩ አለቆች፣ ከዚያ ምድጃውን ያነደደው ባለሙያ፣ በመጨረሻም ጭቃውን የቀረጸው ሠራተኛ ስም በተራ ይነበባል። ጡቡ ቢሰነጠቅ የማን እንደሆነ መፈለግ አያስቸግርም ነበር። ሥራው የግዴታ ሥራ ነበር፤ ፍርሃቱን አትውረሱ። አሠራሩን ግን ውሰዱ። አርማታ ስትሞሉ ቀኑን፣ የሲሚንቶውን መለያ ቁጥር፣ የውኃውን መጠን፣ የፎርማኑንና የመሐንዲሱን ስም በመዝገብ አስፍሩ። «እነሱ ናቸው የሠሩት» የሚባልበት ሳይት ላይ ለጥፋቱ ባለቤት አይገኝም፤ ባለቤት የሌለው ጥፋት ደግሞ ይደገማል።

ጡቡ ግራጫ የሆነው በአቃጠል ነው። ምድጃው በበቂ ከጋለ በኋላ አየር እንዳያገኝ ይታፈንና ከላይ ውኃ ቀስ እያለ ይወርድበታል። በሸክላው ውስጥ ያለው ብረት ኦክስጅን ስለሚያጣ ቀዩ ቀለም ወደ ግራጫ ይለወጣል። አየር ከገባ ጡቡ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ውኃው ከፈጠነ ይሰነጠቃል። በደንብ የበሰለ ጡብ ከሌላ ጡብ ጋር ሲጋጭ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ያልበሰለው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ይህን ፈተና ሳይት ላይ ለማድረግ ሁለት እጅ ይበቃል።

ማያያዣው ኖራ ሲሆን የሚያጣብቅ ሩዝ ተቀቅሎ ውኃው ተጨምሮበታል። ከሩዙ የሚገኘው ስታርች ኖራው ሲጠነክር የሚፈጠሩት ክሪስታሎች ትንንሽና የተጠጋጉ እንዲሆኑ ያደርጋል፤ ሞርታሩ ጥብቅ የሚሆነው በዚህ ነው። ሩዝ ሲበዛ ግን ሻጋታ ይጋብዛል፤ ስለዚህ «ትንሽ ልጨምርበት» የሚል ሰው ሳይት ላይ አይኑር።

ለመከላከያው ብዙ አልጽፍም። ዞንግሁዋ የሚባለው የደቡብ በር ሦስት የውስጥ ግቢ፣ አራት የቅስት በርና 27 የወታደር መጠለያ ዋሻ አለው። ጠላት አንዱን በር ቢሰብር በግንብ በተከበበ ግቢ ውስጥ ይያዛል። ሆኖም በ1402 የዡ ዩዋንዣንግ ልጅ፣ የያን ልዑል ዡ ዲ፣ ዙፋኑን ለመንጠቅ ጦር ይዞ ሲመጣ የተከፈተለት በስተሰሜን ያለው የጂንቹዋን በር ነው፤ የከፈቱትም ከውስጥ የነበሩት የጦር አዛዡ ሊ ጂንግሎንግና የጉ ልዑል ናቸው። ጡቡ አንድም ጥፋት አልነበረበትም።

በ1950ዎቹ ግንቡ ለከተማዋ እንቅፋት ነው ተብሎ ከፊሉ ፈረሰ። በ1956 ዡ ሺዬ የተባሉ የጂያንግሱ የባህል ባለሥልጣን በግልጽ ተቃወሙ፤ ዞንግሁዋ በርና የድንጋይ ከተማው ክፍል የተረፉት በእሳቸው ጩኸት ነው። በዓመቱ በፖለቲካ ተወንጅለው ከሥራቸው ተባረሩ። ስማቸውን አስታውሱ።

ለጥገና ስትላኩ ከስንጥቁ አትጀምሩ፤ ውኃው ከየት እንደገባ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ የሚገባው ከአናቱ ነው። አሸንዳው ሲደፈን ዝናቡ በመካከል ወዳለው የአፈርና የድንጋይ ሙሌት ይወርዳል፣ ሙሌቱ ያብጣል፣ የፊት ጡቡን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በቱምቢ ስትለኩት ሆዱ የተነፋ ግንብ ካገኛችሁ ከሥሩ ሰው አታቁሙ። ዛፍ በቅሎበት ከሆነ ከነሥሩ አትንቀሉት፤ ጡቡን ይዞ ይወጣል። ቁረጡትና ሥሩ እዚያው እንዲደርቅ አድርጉ። ከዚያ የላላውን ሞርታር በግራይንደር ሳይሆን በመዶሻና በመሮ፣ ከመገጣጠሚያው ስፋት እጥፍ በሚሆን ጥልቀት አውጡ። ጡቡን አርጥቡ፤ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ቀላቅላችሁ ጠቅጥቁ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ በዝግታ ነው፤ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ እርጥብ ጆንያ አልብሱትና ለቀናት እርጥበቱን ጠብቁ።

በሲሚንቶ አትድፈኑት። ሲሚንቶ ከአሮጌው ጡብ ይጠነክራል፣ እርጥበትም አያሳልፍም። ውኃው በመገጣጠሚያው መውጣት ሲያቅተው በጡቡ ይወጣል፤ የሟሟው ጨው እዚያ ይደርቅና የጡቡን ፊት ይልጠዋል። የእኛው የጎንደር ፋሲል ግቢም በ1930ዎቹ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ተጠግኖ ነበር፤ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ያንን ወደ ኖራ ለመመለስ ደግመው መድከም ነበረባቸው። አንድ ባልዲ ከማቡካታችሁ በፊት ከአሮጌው ሞርታር ትንሽ ናሙና ወስዳችሁ ላቦራቶሪ ስጡ፤ ምን እንደተቀላቀለበት ካወቃችሁ በኋላ ሥራውን ጀምሩ።